የጋኑ ሌላኛው ጠጠር

«ጋን በጠጠር ይደገፋል» እንላለን። ነገሩ እውነት ነው፤ የጋን መቀመጫ ድቡልቡል ስለሆነ ካልደገፉት ይንከባለላል። ግን ጋኑ ቀጥ ብሎ ስለቆመ ብቻ ጠላው አይጣፍጥም። ከጥንስሱ በፊት መጽዳት አለበት፤ ስለዚህኛው ድጋፍ ደግሞ እምብዛም አይወራም።

ችግሩ ያለው ሸክላው ላይ ነው። ግድግዳው ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ያለፈው ድግስ ጠላ እዚያ ውስጥ ይቀራል፤ አኮምጣጭ ባክቴሪያዎችም አብረውት። በሳሙና ልጠበው ካልክ ሸክላው ሳሙናውን ይጠጣና ቀጣዩ ጠላ ሳሙና ሳሙና ይላል።

ታዲያ ጠማቂዎቹ ምን አደረጉ? ማጽጃውን ከጓሮ አመጡት።

መጀመሪያ ግራዋ። ሻከር ያለው ቅጠል እየታሸ የጋኑን ሆድ ይፈትጋል፤ ማለትም ብሩሹም ሳሙናውም እሱው ነው። የመራራ ጭማቂው ነገር ቀልድ አይደለም፤ የአንዳንድ ባክቴሪያዎችን እድገት እንደሚገታ በላቦራቶሪ ታይቷል። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይደጋገማል። ቀጥሎ ጭስ። ፍም ላይ የወይራ ፍልጥ ወይም ጥንጁት ይደረግና ጋኑ በአፉ ይደፋበታል። ሙቀቱ እርጥበቱን ያደርቃል፣ ጭሱ ውስጥ ያሉት ፌኖሎች ጀርሞችን ያዳክማሉ፣ መዓዛው ደግሞ ለጠላው ይተርፋል።

ሉዊ ፓስተር ስለ ቢራና ስለሚያበላሹት ረቂቅ ሕዋሳት የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው በ1876 እ.ኤ.አ. ነው። የኛዎቹ ጠማቂዎች ባክቴሪያን በስሙ አያውቁትም፤ በኪሳራው ግን ያውቁታል። ጠላ ሸጣ ለምታድር ሴት አንድ የኮመጠጠ ጋን ማለት ገብሱም፣ ጌሾውም፣ የስንት ቀን ድካሟም ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ «ሙያ» ብለን አለፍነው እንጂ ቴክኖሎጂ አላልነውም። አንዱ ምክንያት መሣሪያው ራሱ አለመቆየቱ ይመስለኛል። ጋን ሙዚየም ይገባል፤ የታሸው ግራዋ ግን ይጣላል፣ ፍልጡም አመድ ይሆናል።

ዛሬ ብዙ ቤት ጋኑን የፕላስቲክ በርሜል ተክቶታል። ቀላል ነው፣ ቢወድቅም አይሰበርም። ግን እሳት አይችልም፤ በሻካራ ነገር ሲፈተግም ይጫጫራል፣ ጭረቱ ውስጥ ያው የድሮው ባክቴሪያ ይደበቃል። ዕቃው ሲቀየር ማጽጃውም እንደገና መታሰብ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ የድሮውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ለበዓል ጠላ ሲቀዳላችሁ «ማን ጠመቀው?» ብላችሁ አታቁሙ። «ጋኑን በምን አጠባችሁት?» በሉ። መልሱን የሚያውቁት እናቶች እያረጁ ነው።