ቀይ ቀለም በብራናና በተርሚናል

ከስድስት ኪሎ በሽሮ ሜዳ አድርጎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ግርጌ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በርካታ የግእዝ ብራናዎችን ይጠብቃል። በእነዚህ መጻሕፍት ጥቁሩ ቀለም ንባቡን ሲሸከም፣ ቀዩ አርእስቱን፣ የምዕራፉን መክፈቻ መስመሮች፣ የእመቤታችንንና የቅዱሳንን ስም፣ አልፎ አልፎም መጽሐፉን ያስጻፈውን ሰው ስም ለይቶ ያሳያል፤ በሥርዓተ ነጥቡ ነቁጦች መካከል ቀይ ነጥብ ማግባትም የተለመደ ነው። ጸሐፊው ጥቁሩን ከጥላሸትና ከተቆላ እህል አዘጋጅቶ፣ ሁለቱን ቀለማት በየቀንዳቸው ይዞ በመቃ ብርዕ ሲጽፍ፣ በቀይ የሚገባውን ስም ስፍራ ባዶ ትቶ ኋላ የሚሞላበት ጊዜ ነበር፤ ሳይሞላ የቀረ ክፍት ስፍራ በአንዳንድ መጻሕፍት ዛሬም ይታያል።

ይህ ቀለም ለጌጥ ብቻ የገባ አለመሆኑ የታወቀው በታጣበት ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ፣ ማለትም ጽሑፍን እጅግ አሳንሶ በፊልም ላይ በማኖር ዘዴ፣ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሥተው ከጥፋት ተርፈዋል፤ ውለታው ታላቅ ነው። ይሁን እንጂ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለነበረ ቀዩ ወደ ግራጫ ተለውጦ፣ አንባቢው ምዕራፉ የት እንደሚጀምር በዓይኑ ሳይሆን በንባብ ለመፈለግ ተገደደ።

የኮምፒውተር ተርሚናል፣ ማለትም ማሽኑ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚታዘዝበት መስኮት፣ ተመሳሳይ ችግር በሌላ መንገድ ገጥሞታል። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስ ለተባለው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና የመጀመሪያውን መመሪያ በኅዳር 1971 እ.ኤ.አ. ሲያወጡ፣ ተርሚናሎቹ በወረቀት ላይ የሚያትሙ ስለነበሩ ቃል የሚደምቀው አንዱ ፊደል በራሱ ላይ ሁለት ጊዜ ተመትቶ ነበር። የመስታወት ማሳያ ሲመጣ ቢል ጆይ እ.ኤ.አ. በ1978 ቴርምካፕ የተባለውን፣ የየተርሚናሉን የማሳያ ትእዛዝ የሚመዘግብ ዝርዝር አዘጋጀ፤ ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማርክ ኑደልማን የጻፈው ሌስ የተባለው የማንበቢያ ፕሮግራም ድርብ ምቱን ሲያገኝ የደማቅ ጽሑፍን ትእዛዝ ይልክ ጀመር። ተጠቃሚዎች በዚህ ትእዛዝ ምትክ የቀለም ትእዛዝ እየተኩ የመመሪያውን አርእስትና የትእዛዝ አማራጮች በወደዱት ቀለም ማንበብ ቻሉ። የመመሪያው ጽሑፍ ራሱ ግን ምንም ቀለም አይዝም፤ ምርጫው የእያንዳንዱ አንባቢ ነው።

በብራናው ቀለሙ የጸሐፊው ነው፤ የቅዱሱን ስም በቀይ የጻፈ እጅ ክብሩን ከስሙ ጋር ጽፎታልና፣ ገልባጩም እንደ ቃሉ ይጠብቀዋል። እዚህ ላይ አንድ ክፍተት አለ፦ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0፣ ማለትም ለየፊደሉ ቍጥር የሚሰጠው የኮምፒውተር መስፈርት፣ የግእዝን ፊደላት ለኮምፒውተር አበቃ እንጂ ቀለምን በቍጥሩ ውስጥ አላካተተም። ስለዚህ ብራናን በቀለም ፎቶ ማንሣት ብቻውን አይበቃም፤ ጽሑፉን የሚተይበው ሰው ቀዩ የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ቦታ በምልክት ካላመለከተ፣ የማይክሮፊልሙ ጉድለት በአዲሱ ቅጂ ውስጥ ይደገማል።