የግመሏ ነገር

«ኮንሰልታንት» ከሚባለው ፍጡር ጋር የተዋወቅሁት በኪስ ጉዳይ ነው። የሥነ ጽሑፍ መምህር ሳለሁ ደመወዜ ወሩ ሳይጋመስ ጥሎኝ ይሄድ ነበርና፣ አማካሪዎች በእንግሊዝኛ የጻፉትን ሪፖርት ወደ አማርኛ እየመለስሁ ጎዶሎዬን እሞላ ነበር። አንድ ጊዜ ታዲያ ወላይታ ውስጥ ስለሚካሄድ ፕሮጀክት የተጻፈ፣ ዘጠና ገጽ የሚሆን ግምገማ ደረሰኝ። የሠንጠረዡና የቀስቱ ብዛት ለጉድ ነው። አርባኛው ገጽ ገደማ ስደርስ ግን የአካባቢው ነዋሪዎች ግመሎቻቸውን ውኃ ለማጠጣት ስንት ሰዓት እንደሚጓዙ የሚናገር ዐረፍተ ነገር አገኘሁ። ግመል! እዚያ ዳሞታ ተራራ ሥር፣ እንሰትና ቦዬ በሞላበት ደጋ! ሰውዬው ለሌላ አገር የጻፈውን ሪፖርት ገልብጦ፣ የቦታ ስሞቹን ለውጦ፣ ግመሏን ረስቷታል። ላሠሩኝ ሰዎች ሄጄ ነገርኋቸው። «ግመሏን ብቻ አውጣልን» አሉኝ። አወጣኋት። ሒሳቤም ተከፈለኝ።

ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመት አማካሪ በተባለ ሰው ላይ ጥርሴን ነክሼ ኖሬያለሁ። በዚህ ሙያ የሚተዳደሩ ወዳጆቼ ይቅር ይበሉኝ። ሐሳቤን ያስቀየረኝ፣ ሙሉ በሙሉ ባይሆንም ያለዘበው፣ እዚያው ወላይታ አፍንጫ ሥር የተፈጸመ አንድ ታሪክ ነው።

ወላይታ በርግጥ ለአማካሪ እንግዳ አይደለችም። በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ በምህጻሩ «ዋዱ»፣ ሲቋቋም የውጭ ባለሙያዎች ሶዶ ገብተው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አስተዋውቀዋል። ዋዱ ግን የመንግሥት ሥራ ነበር። የእኔ ጉዳይ መንግሥታዊ ያልሆኑት ድርጅቶች፣ በተለይም የጭንቅ ዓመት ሲመጣ ማን አጠገባቸው እንደሚቆም ነው።

የጭንቁ ዓመት 1992 ነው። ያን ዓመት አገሩ ሁሉ ዓይኑ ድንበር ላይ ነበር፤ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ላይ ነበርን። የዓለም ካሜራ በበኩሉ ጎዴን ነበር የሚያሳየው። የደቡቡ ረሃብ ደግሞ ለካሜራ አይመችም። «አረንጓዴ ረሃብ» ይሉታል። መንገደኛው ከሶዶ ወደ ቦዲቲ ሲጓዝ ግራ ቀኙ ለምለም ነው፤ ጎጆው ውስጥ ግን ልጅ እግሩ አብጦ ተኝቷል። ምክንያቱን የወላይታ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። መሬቱ ለአንድ አባወራ የምትደርሰው ከግማሽ ሄክታር የማታልፍ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ የምታንስ ናት። በበጋ የሚያሻግረው ስኳር ድንች ነው። በልጉ ሲቀር በቆሎው ይቀራል፤ ስኳር ድንቹም ካልያዘ ድልድዩ ተሰበረ ማለት ነው። ያን ጊዜ ገና ያልደረሰው እንሰት ይነቀላል። እሱንም አጠውልግ በሽታ ካላገኘው ነው። በ1977 እንዲህ ሆነ፣ በ1992 ተደገመ፣ በ2000 ዓ.ም. ተሠለሰ።

እንዲህ ያለ ጊዜ ርዳታ ድርጅቶች ያውቁት የነበረው መድኃኒት አንድ ነው፤ የማገገሚያ ጣቢያ። ድንኳን ይተከላል፣ ክፉኛ የከሳው ልጅ ይገባል፣ ሌሊትና ቀን በየሰዓቱ የተመጠነ ወተት ይጠጣል። መጽሐፉ የሚለው ይህንን ነው፤ በደንብ ከተሠራም ያድናል። ችግሩ ድንኳኑ ውስጥ አይደለም። ድንኳኑ ጋ ያልደረሱት ናቸው ችግሩ። እናት ከልጇ ጋር ሦስት አራት ሳምንት እዚያው ታድራለች። ቤት የቀሩት አራት ልጆችስ? ዝናቡ ድንገት ቢመጣ የሚዘራው ማን ነው? ስለዚህ ወይ አትመጣም፣ ወይ ልጁ ሲያጣጥር ትመጣለች፣ ወይ ሳይሻለው ይዛው ትጠፋለች። ሪፖርቱም «አቋራጭ» ብሎ ይመዘግባታል፤ ትምህርት ያቋረጠች ይመስል! የመጡት ደግሞ መቶ ሁለት መቶ ሆነው አንድ ጣሪያ ሥር ሲታጨቁ ኩፍኙና ተቅማጡ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዘምታል።

እዚህ ላይ ነው አማካሪው የሚገባው። በእ.ኤ.አ. 1999 ስቲቭ ኮሊንስ የተባለ ሐኪም በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ «ቫሊድ ኢንተርናሽናል» የተሰኘ አማካሪ ድርጅት አቋቋመ። ሰውዬው በረሃብ ጣቢያዎች ውስጥ የሠራ፣ የድንኳኑን ጉድ በዓይኑ ያየ ነው። ኮንሰርን የተባለው የአየርላንድ ግብረ ሰናይ ድርጅት በበኩሉ ኢትዮጵያን ከ1965ቱ የወሎ ረሃብ ጀምሮ ያውቃታል። ሁለቱ የተገናኙት ከወላይታ አጥር ማዶ፣ በሐዲያዋ ባዳዋቾ ነው። ከሶዶ በቦዲቲ አድርጎ ወደ ሐላባ የሚያልፍ ሰው ሾኔ ላይ ሻይ ይጠጣል፤ ባዳዋቾ ማለት ያ ነው። ረሃቡ የወረዳ ድንበር አያውቅም ነበርና፣ ነገሩ የሁለቱም ሕዝብ ነገር ነው።

የቀረበው ሐሳብ በቃል ሲነገር ቀላል ነው። ልጁ ቤቱ ይታከም። እናቱ በሳምንት አንድ ቀን ታምጣው፣ ይመዘን፣ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይሰጠው፣ የሳምንት ምግቡን ይዛ ወደ ቤቷ ትመለስ። ይህን የሚያስችል ነገር ከጥቂት ዓመት በፊት ፈረንሳይ አገር ተገኝቶ ነበር፤ ከለውዝ፣ ከዱቄት ወተት፣ ከዘይትና ከስኳር የተሠራ፣ ውኃ የማይፈልግ፣ ሳይበስል ከፓኬቱ ተመጥጦ የሚበላ ለጥፍ። ወተቱ ጣቢያ ያስፈለገው በቆሸሸ ውኃ ሲበጠበጥ ስለሚገድል ነበር፤ ለጥፉ ያን ሥጋት አነሣ።

ዛሬ ሲነገር ቀላል ነው አልሁ እንጂ ያኔ እንደ እብደት ነበር የሚቆጠረው። በሞት አፋፍ ላይ ያለ ልጅ ወደ ጎጆ ይመለስ ማለት ምን ማለት ነው? ሐኪሞች ተቆጡ። ያልተሞከረ ነገር በምስኪን ልጆች ላይ ይሞከራል ወይ የሚለው ጥያቄም ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ እኔም እዚያ ብሆን እጠይቀው ነበር። መልሱ ሊመጣ የሚችለው ከቁጥር ብቻ ነው። በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የታከሙት የ170 ሕፃናት መዝገብ ተሰብስቦ ተቆጠረ። 85 በመቶው ዳኑ። 4 በመቶው፣ ሰባት ልጆች መሆናቸው ነው፣ ሞቱ። 6 በመቶው ወደ ሌላ ቦታ ተላኩ፤ ያቋረጡት 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኮሊንስና ባልደረባው ኬት ሳድለር ይህንኑ በእ.ኤ.አ. 2002 ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙት።

ካነበብሁት ሁሉ የገረመኝ ለጥፉ አይደለም፤ ለጥፍ የሚሠራ ፋብሪካ ነው። የገረመኝ አማካሪው ከየት እንደጀመረ ነው። የእኔው ባለግመል ሰውዬ ከመልሱ ጀመረ፤ መልሱ ቀድሞ ተጽፎ ተቀምጧልና የሚፈልገው ስም የሚሞላበት ቦታ ብቻ ነው። እነዚህኞቹ የጀመሩት እናቲቱ ለምን እንደማትመጣ በመጠየቅ ነው። ደግሞም ድርጅቱ ብቻውን ሊያደርገው የማይደፍረውን ነገር ነው ያደረጉለት። በረሃብ መካከል ያለ ድርጅት እህል ያጓጉዛል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ለጋሽ ይለምናል፤ ቁጭ ብሎ «የምንሠራው ሥራ ትክክል ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ የሚያነሣበት ትንፋሽ የለውም። የሞቱትንም ከዳኑት እኩል ቆጥሮ ለዓለም ማሳየት ያስፈራዋል። ከውጭ የመጣ ሰው ጥቅሙ ይሄ ነው፤ ፍርሃቱን ይካፈላል።

ቅሬታ የለኝም ማለት ግን አይደለም። የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝና ዓይኔ ባለቤት አልባ ግስ ላይ ይወድቃል። በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ልጆች «ይመዘናሉ»፣ ምግብ «ይታደላል»፤ ማን መዘነ፣ ማን አደለ፣ አይነገርም። በጭቃ መንገድ እየሄደ በየጎጆው የከሳ ልጅ የፈለገ የአካባቢው ወጣት፣ በየሳምንቱ ልጇን አዝላ የተመላለሰች እናት ስማቸው የለም። ስሙ ለኦክስፎርድ ሆነ። ለጥፉም ቢሆን በፈረንሳዮች የፈጠራ መብት ተይዞ፣ በውድ ዋጋ ከባሕር ማዶ ሲመጣ ኖሯል፤ ኋላ ሂሊና የተባለው የአገራችን ድርጅት ማምረት እስኪጀምር ድረስ።

የሆነ ሆኖ ሙከራው ከባዳዋቾ ወደ ዳርፉርና ማላዊ ተዛመተ። በእ.ኤ.አ. 2007 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በጋራ አጸደቁት። በ2000 ዓ.ም. ረሃቡ ደቡብን ዳግም ሲጎበኝ መንግሥት ሕክምናውን ወደ ጤና ኬላ አወረደው። አሥረኛ ክፍል ጨርሳ አንድ ዓመት የሠለጠነች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ከስምንት ዓመት በፊት ሐኪሞች ያልደፈሩትን ሥራ በቀበሌዋ ትሠራው ጀመር።

በማግሥቱ ደግሞ ሕግ መጣ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከወጪያቸው ከ30 በመቶ በላይ ለአስተዳደር እንዳይውል ከለከለ። የሐሳቡን መነሻ አልጠላሁትም፤ ላንድ ክሩዘርና አበል የበላውን ገንዘብ ያየ ሰው አይጠላውም። መመሪያው ሲወጣ ግን ሥልጠናው፣ ክትትሉ፣ የአማካሪው ክፍያ ሳይቀር አስተዳደር ተብሎ ተመደበ። እህል ማደል ሥራ ነው፤ እህሉ ለማን እንደደረሰ መቁጠር ግን ብክነት! ባለግመሉን ለመያዝ የተዘረጋው ወጥመድ ያኛውንም ሐኪም የሚይዝ ሆነ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 ሲተካ የአስተዳደሩ ጣሪያ ወደ 20 በመቶ ወረደ፤ ትርጉሙ ግን ጠበብ ብሎ የፕሮጀክቱ ሥራ ወጪ ለሥራው ተመለሰለት።

ከዚያ 2017 መጣ። ጥር 12 ቀን አዲሱ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የውጭ ርዳታን ለ90 ቀን አገዱ፤ ሰኔ 24 ቀን ዩኤስኤአይዲ የሚባለው መሥሪያ ቤት ራሱ ሥራውን አቆመ። ኢትዮጵያ ከሰሃራ በታች የዚያ ገንዘብ ዋና ተቀባይ ከነበሩት አንዷ ናት።

በዚያው ግንቦት ለሌላ ጉዳይ ሶዶ ነበርሁ። የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ግንባታው፣ ባጃጁ፣ ሆቴሉ ሌላ ከተማ አስመስሏታል። የቀድሞ ተማሪዬ የምትመራው አንድ ትንሽ የአገር ውስጥ ድርጅት ቢሮ ጎራ አልሁ። አሥራ አራት ሠራተኛ ነበራቸው። ገንዘባቸው የሚመጣው በሌላ ትልቅ ድርጅት በኩል ነበርና፣ ትልቁ ሲወድቅ የነሱ ደብዳቤ በኢሜይል ሁለት መስመር ሆኖ ደረሳቸው። ጠረጴዛው ዳር አንድ ጡረታ የወጡ ኦዲተር ተቀምጠዋል፤ የሶዶ ልጅ ናቸው፣ በነፃ ሊረዱ የመጡ።

«ደብተሩን ዝጉትና» አሉ፣ «ባንክ ያለው ገንዘብ ስንት ወር ያኖራችኋል?»

«ጋሼ፣ ፕሮጀክቱ እኮ እስከ 2019 ነው» አለች ልጅቷ።

«ስለ ፕሮጀክቱ አልጠየቅሁሽም፣ ልጄ።»

ተቆጠረ። ሦስት ወር ተኩል። ለዓመታት በፕሮጀክት እንጂ በወር ቆጥረው አያውቁም ነበር። ኦዲተሩ ሦስት ቀን ከነሱ ጋር ተቀመጡ። መጀመሪያ የሠራተኛው የስንብት ክፍያ ተነጥሎ እንዲቀመጥ አደረጉ፤ «ይሄ የናንተ ገንዘብ አይደለም» እያሉ። ቀጥሎ የድርጅቱን አራት ሥራዎች አስጻፉና፣ ነገ ቢቆም በሳምንት ውስጥ ሰው የሚጎዳበት የትኛው እንደሆነ ጠየቁ። ክርክሩ እስከ ማታ ዘለቀ፤ ልጅቷም አለቀሰች፣ ምክንያቱም የምትወደው ሥራ እሱ አልነበረም። ግማሹ ቢሮ ተከራየ። መኪናው ቆመ። ዓመት ሙሉ ያልተሰበሰበው ቦርድ ተጠርቶ እውነቱ ተነገረው፤ ለእድሮችና በውጭ ላሉ የወላይታ ተወላጆች የሚላከውን ደብዳቤ አማርኛ እኔ አቃናሁ። ዘጠኙ ሠራተኞች ግን ተሰናበቱ። የምክር ብዛት ያንን አላስቀረውም።

በሦስተኛው ቀን ቁርጥ በዳጣ ተጋበዝን። ሒሳቡ ሲመጣ ወጣቱ የሒሳብ ሹም ደረሰኙን ይዞ ወደ ኦዲተሩ ጎንበስ አለና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ከአስተዳደር ነው ወይስ ከፕሮግራም?» አላቸው። እሳቸው ደረሰኙን ተቀብለው፣ ሁለት ሦስቴ አጥፈው፣ ኪሳቸው ከተቱት።