ጥርስ የመሰከረው፦ የፍሎራይድ ታሪክ ከኮሎራዶ እስከ ወንጂ



ያደግሁት በስምጥ ሸለቆ ነው፤ ስናገር የምታዩት ቡናማ ጥርስ የዚያ ውሃ ማኅተም ነው። በልጅነታችን ትልልቆቹ «ሸንኮራ ስለምታበዙ ነው» ይሉን ነበር። ምክንያቱ ፍሎራይድ መሆኑን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ስለዚህ በዛሬው ታሪክ ገለልተኛ ነኝ አልልም። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1901 ፍሬድሪክ ማኬይ የተባለ ወጣት የጥርስ ሐኪም በአሜሪካ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሥራ ሲጀምር የብዙ ተወላጆችን ጥርስ ቡናማ ሆኖ አገኘው። ነዋሪዎቹ የአሳማ ሥጋ ማብዛትንና መጥፎ ወተትን ይወነጅሉ ነበር፤ የእኛ ሸንኮራ ዘመድ መሆኑ ነው። ማኬይ ግን ቀስ በቀስ ውሃውን ጠረጠረ። በ1923 በአይዳሆ፣ ኦክሊ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ወላጆች ከፍል ምንጭ በቧንቧ የተሳበ ውሃ ከመጣ ወዲህ የልጆቻቸው ጥርስ መበላሸቱን ነገሩት። ውሃው ተመረመረ፤ አንዳች እንግዳ ነገር አልተገኘበትም። ቢሆንም ምንጩን እንዲተዉ መከራቸው፤ ተዉት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የታናናሾቹ ቋሚ ጥርስ ያለ እድፍ በቀለ።

ምርመራው አልዋሸም፤ ስለ ፍሎራይድ ግን ማንም አልጠየቀውም። በ1931 ቸርችል የተባለ የአልሙኒየም ኩባንያ ኬሚስት፣ ከአርካንሳሷ ቦክሳይት ከተማ በመጣ ውሃ ውስጥ በሊትር 13.7 ሚሊግራም ያህል ፍሎራይድ አገኘ። ያነሳሳውም የአልሙኒየም ድስት እንዳይወነጀል መስጋቱ ነበር። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን 1.5 ነው።

ወደ እኛ እንመለስ። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይገባል፤ ይዞ የሚያስቀረው ካልሲየም በውሃው ውስጥ አነስተኛ ነው። ማፍላትም ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድን አያስወጣም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ መጠን ያበዛዋል።

በ1954 የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከሌሎችም አካባቢዎች ሠራተኞች ጎረፉ፤ የጉድጓድ ውሃም ጠጡ። በእርሻው ያደጉ ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆነ። የአባቶች ጥርስ ግን በአገራቸው ሳሉ በቅሎ ያለቀ ስለነበር እድፍ አልያዘም። በእነርሱ ፍሎራይዱ የሚከማቸው በአጥንታቸው ውስጥ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንገታቸውና ወገባቸው የደረቀ፣ ወደ ጎን ለማየት መላ ሰውነታቸውን ማዞር የሚገደዱ ሠራተኞች ሐኪም ፊት ቀረቡ።