የድባቴ ሕመም በሕጻናትና በአዋቂዎች፡ ምልክቶቹ፣ መንስኤዎቹና ሕክምናው

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ ፋብሪካዎች እንዲሁም እንደ ጀሞ ያሉ ሰፋፊ የኮንዶሚኒየም መንደሮች የሚገኙበት አካባቢ ነው። እንዲህ ባለ አካባቢ ከሥራ ገበታው የሚቀር ሠራተኛም ሆነ ውጤቱ በድንገት ያሽቆለቆለ ተማሪ ማጋጠሙ አይቀርም። ብዙውን ጊዜ ሠራተኛው ቸልተኛ፣ ተማሪው ደግሞ ሰነፍ ይባላል፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ወይም ቅጣትም ይከተላል። ከእነዚህ መካከል የአንዳንዶቹ ችግር ግን የሥነ ምግባር ጉድለት ሳይሆን በሕክምና ሊድን የሚችል የድባቴ ሕመም ነው።

የሕመሙ ምንነት

ድባቴ በተለምዶ ድብርት ተብሎ ከሚጠራው ጊዜያዊ የስሜት መቀዝቀዝ የተለየ ነው። ወዳጅ ዘመድ የሞተበት ሰው ያዝናል፣ ያለቅሳል፤ በዕድርተኛውና በጎረቤቱ ማጽናናት እየታገዘም ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞ ኑሮው ይመለሳል። ድባቴ የሚባለው የተከፋ ስሜት ወይም ቀድሞ ያስደስት ለነበረ ነገር ፍላጎት ማጣት በአብዛኛው የቀኑ ክፍል፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንታት ሲዘልቅና የዕለት ተዕለት ኑሮን ሲያውክ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያመለክተው በሕመሙ የተያዙ ሰዎች ቁጥር በዓለም ዙሪያ ከ280 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ ሴቶች ከወንዶች ይልቅ በብዛት ይጠቃሉ። በድባቴና በጭንቀት ሕመም ሳቢያ በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀናት እንደሚባክኑም ድርጅቱ ይገልጻል።

በአዋቂዎች ላይ የሚታዩ ምልክቶች

በአዋቂዎች ዘንድ የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስ ወይም መጨመር፣ ድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን መውቀስ፣ ተስፋ መቁረጥና ሞትን መመኘት ይታያሉ። በመሥሪያ ቤት ውስጥ ምልክቱ የሚገለጸው በተከማቸ ፋይል፣ በተደጋጋሚ ስሕተት፣ በማርፈድና ከባልደረቦች በመራቅ ሊሆን ይችላል።

በኢትዮጵያ ብዙ ታማሚዎች ወደ ጤና ተቋም የሚሄዱት "ከፍቶኛል" ብለው ሳይሆን ራስ ምታት፣ የጨጓራ ሕመም፣ የሰውነት ማቃጠል ወይም የልብ ምት መጨመር ይዟቸው ነው። በዚህም የተነሳ ከአንድ ምርመራ ወደ ሌላው ሲመላለሱ ዋናው ሕመም ሳይታወቅ ይቆያል።

በሕጻናትና በታዳጊዎች ላይ የሚታዩ ምልክቶች

በሕጻናት ዘንድ ሕመሙ የሚገለጸው በሐዘን ብቻ አይደለም። ሕጻኑ ነጭናጫና ቁጡ ሊሆን፣ ከጨዋታ ሊርቅ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የሆድ ወይም የራስ ሕመም ሊያማርር፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ሊል ይችላል። በጉርምስና ዕድሜ ላይ ያሉት ደግሞ ራሳቸውን ከቤተሰብ ያገልላሉ፣ እንቅልፍ ያበዛሉ ወይም ያጣሉ፤ ወደ አልኮልና ጫት የሚያዘነብሉም አሉ።

ወላጆችና መምህራን እነዚህን ለውጦች እንደ ብልግና ቆጥረው በቁጣና በዱላ ለማረም ሲሞክሩ ሕመሙ ይባባሳል። ልብ ሊባል የሚገባው ዋናው ነገር የጠባይ ለውጡ ነው፤ ቀድሞ ተጫዋችና ጎበዝ የነበረ ልጅ ለሳምንታት ሌላ ሰው ከሆነ ምክንያቱን በእርጋታ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የእናት ጤንነትም ከልጁ ጤንነት ተለይቶ አይታይም። በቡታጅራ አካባቢ የተካሄደ የረጅም ጊዜ ጥናት በእርግዝና ወቅት የሚያጋጥም የአእምሮ ጤና መታወክ ከምጥ መራዘምና ጡት ማጥባትን ከማዘግየት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። በዚህ ወቅት የእናቲቱ ጭንቀት በሕጻኑ ላይ ከሚታይ የተቅማጥ ሕመም ጋር ግንኙነት እንዳለውም ተመልክቷል።

መንስኤዎቹ

ድባቴ አንድ ብቻ መንስኤ የለውም። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት፣ በልጅነት ወላጅን ማጣት፣ ጥቃት፣ ድህነት፣ ሥራ አጥነትና ሥር የሰደደ አካላዊ ሕመም ተደማምረው ያመጡታል። ብቸኝነትም የራሱ ድርሻ አለው፤ ከመሐል ከተማ ተነሥተው በአዳዲስ መንደሮች የሰፈሩ ቤተሰቦች የቀድሞ ጎረቤታቸውንና ዕድራቸውን ሲያጡ የሚደግፋቸው ማኅበራዊ ትስስር ይላላል። ሕመሙ የባሕርይ ድክመት ወይም የእምነት ማነስ ምልክት አይደለም።

ምርመራውና ሕክምናው

የአማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ ሲሆን፣ ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ይፋ ያደረገው የአእምሮ ጤና ክፍተትን የማጥበብ መርሐ ግብር አገልግሎቱ በጤና ጣቢያ ደረጃ እንዲሰጥ የሚያደርግ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም ተግባራዊ ካደረጉት አገሮች አንዷ ናት።

በጉራጌ ዞን ሶዶ ወረዳ በዚሁ መንገድ አገልግሎቱን ለማስፋፋት በተሠራው ሥራ ከባድ ሆኖ የተገኘው ሕመሙን ለይቶ ማወቁ ነበር። ለዚህ ከሚያግዙ መሣሪያዎች አንዱ ዘጠኝ ጥያቄዎችን የያዘው መጠይቅ ነው። መጠይቁ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። መጠይቁ ጥርጣሬን ያመለክታል እንጂ የባለሙያን ምርመራ አይተካም።

ሕክምናው የንግግር ሕክምናንና መድኃኒትን ያካትታል። እንደ ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን ያሉት መድኃኒቶች ሱስ አያስይዙም፤ ይሁን እንጂ ውጤታቸው እስኪታይ ሳምንታት የሚወስድ በመሆኑ ታማሚው ተስፋ ቆርጦ ማቋረጥ የለበትም። ከተሻለው በኋላም ከ9 እስከ 12 ወራት መቀጠል ይኖርበታል። ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ሕጻናት በጤና ጣቢያ ደረጃ መድኃኒት አይመከርም፤ ቅድሚያ የሚሰጠው ለምክርና ለቤተሰብ ድጋፍ ነው። ጸበልና ጸሎትም ከሕክምናው ጎን ለጎን ሊቀጥሉ ይችላሉ፤ ጉዳት የሚያስከትለው መድኃኒቱን ማቋረጥ ነው።

የኃላፊዎችና የቤተሰብ ድርሻ

የሥራ ኃላፊ ሐኪም እንዲሆን አይጠበቅበትም። የሠራተኛው ሁኔታ ሲለወጥ ከማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በፊት በግል ማነጋገር፣ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ማበረታታት፣ ለሕክምና ቀጠሮ ፈቃድ መስጠትና ምስጢሩን መጠበቅ ግን ይችላል። ርእሰ መምህራንም ተማሪን ከማባረራቸው በፊት ወላጅን ጠርተው በጋራ መመካከር ይገባቸዋል።

ሞትን ስለ መመኘት የሚናገር ሰው ሲያጋጥም ነገሩን በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አያስጀምርም፤ ይልቁንም ሸክሙን ያቀልለታል። እንዲህ ያለውን ሰው ብቻውን አለመተው፣ መድኃኒትና ፀረ ተባይ ኬሚካሎችን ከአጠገቡ ማራቅ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ተቋም ማድረስ ሕይወትን ያተርፋል።