የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የቤት ውስጥ ትምህርት (ደባርቅና ዳባት)

የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የቤት ውስጥ ትምህርት ወላጆችና አያቶች ፊደል ላልቆጠሩ ሕፃናት የመጽሐፉን ታሪኮች በቃል፣ በምግብ፣ በጨዋታና በእጅ በሚያዝ ነገር የሚያስተላልፉበት ልማድ ነው። በሰሜን ጎንደር ዞን በደባርቅ፣ በዳባትና በሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ እንደ ሌላው የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ሁሉ፣ ልማዱ በአብዛኛው ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በዓላት ጋር የተያያዘ ነው።

ከቄስ ትምህርት ጋር ያለው ልዩነት

በቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ከቆጠረ በኋላ ንባብ የሚለማመደው በግዕዝ ነው። መጀመሪያ ከሚያነባቸው አንዱ የዮሐንስ መልእክት ሲሆን፣ ወንጌልና መዝሙረ ዳዊት ይከተላሉ። ትምህርቱ ድምፅንና ንባብን ያጸናል፤ ትርጉሙ ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይመጣል። የቅዳሴውም ቋንቋ በብዛት ግዕዝ ነው። ስለዚህ ሕፃኑ ታሪኩን በሚገባው ቋንቋ አስቀድሞ የሚሰማው ከቤት ነው።

በዓላትና ታሪኮቻቸው

ጉልባን፦ በጸሎተ ሐሙስ ስንዴ፣ ባቄላና ሽምብራ ተቀቅሎ ይበላል። እስራኤላውያን ከግብፅ በችኮላ ሲወጡ አቡክተው ለመጋገር ጊዜ ስላልነበራቸው ንፍሮ መብላታቸውን ያስታውሳል ይባላል። እህሉን ሲለቅም የዋለ ልጅ ምክንያቱን ሲጠይቅ የኦሪት ዘፀአት ታሪክ ይነገረዋል።

ቄጤማ፦ በቀዳም ሥዑር ካህናት ለምእመናን ቄጤማ ያድላሉ፤ ልጆችም በራሳቸው ላይ ያስሩታል። በኖኅ ታሪክ ርግቧ ይዛ የመጣችው የወይራ ቅጠል ነው፤ ቄጤማው በዚያ ምትክ የጥፋት ውኃው መጉደሉን የሚያበሥር ምልክት ሆኖ ይተረካል።

ቡሄ፦ በደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ፣ ነሐሴ 12 ቀን፣ ችቦ ይበራል። ወንዶች ልጆች ጅራፍ ያጮሃሉ፤ ሆያ ሆዬ እያሉ በየቤቱ ሲዞሩም ሙልሙል ዳቦ ይሰጣቸዋል። ችቦው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 የተነገረውን ብርሃን፣ የጅራፉ ድምፅ ደግሞ ሐዋርያትን ያስደነገጠውን የደመና ድምፅ ያመለክታል ይባላል።

ገና፦ ታኅሣሥ 29 ቀን ጫፉ በቆለመመ ዱላ የእንጨት ጥንግ እየመቱ ይጫወታሉ። ጨዋታው በሉቃስ ወንጌል ከተጠቀሱት እረኞች ደስታ ጋር ተያይዞ ይነገራል።

የአካባቢው ኑሮ

በተራሮቹ አካባቢ ልጆች በግ ይጠብቃሉ፤ የገብስ ማሳን ከጭላዳ ለመከላከልም ወንጭፍ ይወነጭፋሉ። በመሆኑም የዳዊትና የጎልያድ ታሪክ ሲነገር ስለ ወንጭፍ ማብራሪያ አያስፈልግም። ልጁ ድንጋዩ እንዴት እንደሚጫን፣ መቼ እንደሚለቀቅና ዒላማ ምን ያህል እንደሚያስቸግር በእጁ ያውቀዋል። የጠፋው በግ ምሳሌም እንዲሁ ነው፤ አንድ በግ ሳይዝ ወደ ቤት የሚገባ እረኛ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ቤተ እስራኤል

በወገራና በሰሜን ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል የዘፀአትን ታሪክ በራሳቸው የፋሲካ በዓል ያስተምሩ ነበር። ጠቦት ይታረዳል፤ ለ7 ቀን እርሾ የሌለበት ቂጣ ይበላል። ስለዚህ ከግብፅ የመውጣት ታሪክ በጎረቤታሞች ቤት በሁለት ዓይነት ምግብ፣ በንፍሮና በቂጣ፣ ይታወስ ነበር። አብዛኞቹ ቤተ እስራኤል በ1977 ዓ.ም. እና በግንቦት 1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎችና ከዚያ በኋላ ወደ እስራኤል ሄደዋል።

መጽሐፍና ትውፊት

በዚህ መንገድ የሚነገረው ሁሉ በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈ አይደለም። ለምሳሌ በቡሄ፣ ብርሃኑን አይተው ቀን የመሰላቸው እረኞች በሜዳ እንደቆዩና ወላጆቻቸው ችቦ አብርተው ዳቦ እንደወሰዱላቸው ይተረካል፤ ይህ በወንጌል የለም። የገና ጨዋታም እንዲሁ በሉቃስ አልተጻፈም። ልጁ አድጎ መጽሐፉን ራሱ ሲያነብ ግራ እንዳይጋባ ተራኪው የተጻፈውን ከትውፊቱ ለይቶ መንገሩ ይጠቅማል።

ለውጥ

ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ መታተሙ፣ በተለይም የ1954 ዓ.ም. ትርጉም መሰራጨቱ፣ ማንበብ የሚችል ወላጅ ታሪኩን ከጽሑፉ እያነበበ እንዲነግር አስችሏል። በሌላ በኩል በከተሞች ለቡሄ ጨፋሪዎች በሙልሙል ፈንታ ገንዘብ መስጠት ተለምዷል። ሙልሙል «ለምን ዳቦ?» የሚል ጥያቄ አስነሥቶ እስከ ደብረ ታቦር ያደርስ ነበር፤ ገንዘብ ግን ከታሪኩ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ዳቦው በሚቀርበት ቤት ታሪኩን ሆን ብሎ መናገር የወላጅ ድርሻ ይሆናል።