የኑኒ ኦሞት መንገድ

ስሙኝማ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ወሬ የቅርጫት ኳስ ነው፤ መነሻው ግን እዚሁ ሾዋክ ነው።

ከጭልጋ በኩል ጓንግ ብለን የምንሸኘው ወንዝ ድንበር ተሻግሮ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል፤ ሾዋክንም ታክኮ ይወርዳል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ በዚያ ሁሉ ጦርነት ዘመን፣ ከጎንደር፣ ከትግራይ፣ ከኤርትራ ስንቱ ሰው በእግሩ ወደዚህ ወረደ! የምሥራቅ ሱዳን የስደተኞች ኮሚሽን መሥሪያ ቤቱን የተከለው በሾዋክ ነበርና የካምፖቹ ጉዳይ እዚህ ይመጣ ነበር። ዕጣው የቀናለትም አሜሪካ ገባ። ያንኑ ጦርነት ሸሽተው ደግሞ ደቡቡን ይዘው ኬንያ የገቡ ነበሩ። የምነግራችሁ ልጅ የእነዚያ ነው።

ኑኒ ኦሞት ይባላል። በ1994 ኬንያ ውስጥ በስደት ተወለደ፤ ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግራችሁ። ያደገው ብርዱ አጥንት ድረስ በሚገባበት በሚኒሶታ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃንም የተማረው እዚያው ማህቶሜዲ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ቁመቱ 2.06 ሜትር! «ይኼን ቁመት ይዞ ምን ይቸግረዋል?» ትሉ ይሆናል። ቁመት ብቻውን በር አይከፍትም። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ማኑት ቦልን አስታውሱት፤ እሱማ 2.31 ሜትር ነበር። ከካርቱም ተነሥቶ በ1983 አሜሪካ ሲገባ ክሊቭላንድ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሊያጫውተው ፈልጎ ነበር፤ እንግሊዝኛው አልበቃ ብሎ ቀረ። በኋላ የተቀበለው ብሪጅፖርት የሚባል የሁለተኛ ምድብ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሌላው ተጫዋች፣ የዋው ተወላጁ ሉዎል ዴንግ ግን በግብፅና በለንደን አድጎ፣ በ14 ዓመቱ ኒው ጀርሲ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ዱክ ዩኒቨርሲቲ አለፈ።

ለኑኒ እንዲህ ያለ ሰፊ በር አልተከፈተም። ከሁለተኛ ደረጃ የገባው እዚያው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ያለው ኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እሱም ሁለተኛ ምድብ። በቴሌቪዥን የምታዩት አንደኛው ምድብ ነው፤ ትምህርቱንም፣ ማደሪያውንም፣ ምግቡንም የሚችል ሙሉ ስኮላርሺፕ በብዛት ያለውም እሱ ጋ ነው።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ፤ እኔ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ኑኒ ዩኒቨርሲቲውን ትቶ አዮዋ ውስጥ ኢንዲያን ሂልስ ወደሚባል የሁለት ዓመት ኮሌጅ ሄደ። ለሚያየው ቁልቁል መውረድ ነው። የኛ ዘመድ ቢሆን «ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ እንዴት ወደ ኮሌጅ ይመለሳል?» ብሎ ሽማግሌ በላከበት ነበር። ጊዜውም አይጠብቅም፤ ለአንድ ተጫዋች የሚፈቀድለት በአምስት ዓመት ውስጥ አራት የውድድር ዘመን ነበር። ነገር ግን የትልልቅ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች የበሰለ ተጫዋች ፍለጋ የሚዞሩት እንዲህ ያሉ ኮሌጆች ዘንድ ነው፤ ኢንዲያን ሂልስ ደግሞ በቅርጫት ኳስ ስሙ የተጠራ ነው። ደፋር ልጅ ነው!

በ2016 ቴክሳስ ያለው ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ወሰደው። በወራት ውስጥ፣ በጥር 2017፣ ቤይለር በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገሪቱ የዩኒቨርሲቲ ቡድኖች የደረጃ ሠንጠረዥ አናት ላይ ወጣ። ኑኒ ያን ዓመት ከተጠባባቂ ወንበር እየተነሣ ተጫወተ፤ በሁለተኛው ዓመት ቋሚ ተሰላፊ ሆነ።

የአሜሪካው ትልቁ ሊግ ኤንቢኤ አልመረጠውም። እሱም አላቆመም። በ2023 ከግብፁ አል አህሊ ጋር የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ ዋንጫን አነሣ፤ የውድድሩ ኮከብ ተጫዋችም ተባለ። በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ የደቡብ ሱዳንን ማልያ ለብሶ፣ እነ ሌብሮን ጄምስና ኬቨን ዱራንት በተሰለፉበት የአሜሪካ ቡድን ላይ 24 ነጥብ አስቆጠረ! ቡድኑ 103 ለ86 ተሸነፈ፤ ከቡድኑ ግን የእሱን ያህል ያስቆጠረ አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ሰፈራችን ልመልሳችሁ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ከትግራይ የመጡ ልጆች በኡም ራኩባና በቱናይድባ ካምፖች ተጠልለዋል፤ በ2023 ደግሞ የሱዳን ጦርነት መጣባቸው። ኑኒ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ሲሻገር በየበሩ ይጠየቅ የነበረው ያለፈበት ትምህርት ማስረጃ ነው፤ እነዚህም ልጆች ነገ ይኸው ይጠየቃሉ። እናቶች፣ አባቶች፣ የልጆቹን የክፍል ውጤት ከስደተኛ መታወቂያቸው ጋር በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙላቸው። የጠፋ ካለም ያስተማራቸው መምህር ሳይርቅ አሁኑኑ አስጽፉት።