«ኔትወርክ የለም» ስንል የጠፋው የቱ ነው? ኢንተርኔት እንዴት እንደሚሠራ ለጀማሪዎች

የሰፈራችን ልጅ ነው። ለትምህርት ዕድል ፎርም ሊሞላ ተቀምጦ ድረ ገጹ አልከፈት አለው። ኔትወርኩ መስሎት ሲም ቀየረ። አልሆነም። ጓደኛው ቤት ሄዶ በዋይፋይ ሞከረ። አሁንም ያው ነው። ፓኬጅ ጨምሮ ገዛ። እንዲህ ሲል ሲል የማመልከቻው ቀን አለፈ። በማግስቱ ስልኩን ሳየው ኔትወርኩ ምንም አልሆነም፤ ችግሩ ቀኑ ላይ ነበር። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ሞልቶታል። ቀን ከድረ ገጽ ጋር ምን አገናኘው? እንደርስበታለን፤ መጀመሪያ ግን መንገዱን እንየው።

ኢንተርኔት ማለት በዓለም ዙሪያ ያሉ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የተያያዙበት መረብ ነው። ስልካችሁም አንዱ ኮምፒውተር ነው። በሌላኛው ጫፍ ያለው ደግሞ ሰርቨር ይባላል፤ ሌት ተቀን ሳይጠፋ ጥያቄ እየተቀበለ መልስ የሚሰጥ ኮምፒውተር ማለት ነው። ቲክቶክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ ኢንተርኔት አይደሉም። ኢንተርኔት አስፋልቱ ነው፣ እነሱ በላዩ የሚሄዱት መኪኖች ናቸው። «ዌብ» የምንለው የድረ ገጽ ዓለምም እንደዚያው ነው። ዌብን ያመጣው ቲም በርነርስ ሊ ሐሳቡን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን አስፋልቱ ግን ከዚያ በፊት ነበር።

የኢንተርኔት እናት የሆነው አርፓኔት የሚባለው መረብ የመጀመሪያውን መልእክት የላከው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 1969 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። ሊላክ የታሰበው ቃል «ሎግኢን» ነበር። «ኤል» እና «ኦ» የሚሉት ሁለት ፊደሎች እንደደረሱ ሲስተሙ ወደቀ። ኮኔክሽን መቋረጥ በእኛ አልተጀመረም ማለት ነው። ወደ ኢትዮጵያ ኢንተርኔት የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው።

እሺ፣ አሁን ደሴ ፒያሳ ላይ ቆማችሁ አንድ ቪዲዮ ነካችሁ እንበል። ስልካችሁ ጥያቄውን በሬዲዮ ሞገድ በአቅራቢያው ወዳለው ታወር ይልካል። በገመድ አልባ የሚሄደው ጉዞ በአብዛኛው ይኼ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ከታወሩ ቀጥሎ ሳተላይት ያለ ይመስለዋል። ከታወሩ በኋላ ያለው መንገድ በአብዛኛው መሬት ለመሬት ነው፤ በተቀበረ ወይም በምሰሶ በተዘረጋ ፋይበር ኬብል። ፋይበር ያልደረሰበት ቦታ ላይ ታወሩ ሌላ ታወር ጋር በዲሽ ይገናኛል፣ ያኛው ደግሞ ወደ ፋይበሩ ይሰጣል።

አገራችን ባሕር የላትም። ስለዚህ ወደ ውጭ የሚሄደው መረጃ ድንበር ተሻግሮ የጎረቤት አገር ወደብ መድረስ አለበት። ዋናው በር ጅቡቲ ነው፤ በኬንያና በሱዳን በኩልም መስመር አለ። ልክ እንደ ነዳጁና እንደ ማዳበሪያው ማለት ነው። ጅቡቲ ላይ ብዙ የባሕር ውስጥ ኬብሎች ይገናኛሉ፣ ከዚያ ወደ አውሮፓ፣ ወደ እስያ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳሉ። ኬብሉ ስታዩት የጓሮ ውኃ ማጠጫ ጎማ የሚያህል ነው። ውስጡ ፀጉር የሚያካክሉ የመስታወት ክሮች አሉ፤ በእነሱ ውስጥ ብርሃን በሴኮንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። በአህጉራት መካከል ከሚዘዋወረው መረጃ ከ95 በመቶ በላይ የሚያልፈው በእንደነዚህ ዓይነት ኬብሎች ነው።

ኬብል ደግሞ ይቆረጣል። የመርከብ መልሕቅ ይጎትተዋል፣ የባሕር ውስጥ መሬት ይንሸራተትበታል። እ.ኤ.አ. የካቲት 2024 ቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት ኬብሎች ተቆረጡ። በቀጣዩ ወር በምዕራብ አፍሪካ ባሕር ዳርቻ አራት ኬብሎች ተበጥሰው ጋናና ናይጄሪያን ጨምሮ በብዙ አገሮች ባንኮች ሳይቀሩ ተቸገሩ። እንዲህ ሲሆን መረጃው ሌላ መንገድ ፈልጎ ይዞራል። መንገዱ ይጨናነቃል እንጂ ሁልጊዜ ጨርሶ አይዘጋም። ሁሉም ቢጠፋ የማይገርመውን ያህል «ሁሉም ይሠራል ግን ይጎተታል» የሚባለው ቀን የሚመጣውም አንዳንዴ በዚህ ነው።

ቪዲዮው ራሱ እንዴት ነው የሚመጣው? እንደ ዕቃ ባንዴ ተጭኖ አይደለም። ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ቁራጮች ይከፋፈላል። አንዱ ቁራጭ ቢበዛ ወደ 1,500 ባይት ነው፤ ስለዚህ 3 ሜጋባይት ፎቶ ወደ 2,000 ቁራጭ ይሆናል። እያንዳንዱ ላይ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ተጽፎበታል። በተለያየ መንገድ ሊመጡ ይችላሉ፣ ስልካችሁ ቅደም ተከተላቸውን አይቶ ይገጣጥማቸዋል። መንገድ ላይ የጠፋ ካለ እንደገና ይላክ ይባላል። በዋትስአፕ ስትደውሉ ግን የጠፋውን ድምፅ እስኪመጣ የሚጠብቅ የለም፣ ይታለፋል። እናታችሁ አንዳንዴ እንደ ሮቦት የሚያወሩት ለዚያ ነው።

ሁሉም ቪዲዮ ባሕር አይሻገርም። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ብዙ ሰው የሚያየውን ነገር ኮፒ አድርገው ለተጠቃሚው ቅርብ በሆነ ሰርቨር ያስቀምጣሉ። ዩቲዩብ እየሠራ አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ሲጎተትባችሁ አትገረሙ፤ አንደኛው ቅርብ ነው፣ ሌላኛው ከባሕር ማዶ።

አንድ የቀረ ነገር አለ፣ ስም። ኮምፒውተሮች የሚተዋወቁት በቁጥር ነው። እኛ የድረ ገጽ ስም ስንጽፍ ዲኤንኤስ የሚባል አገልግሎት ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ስልካችሁ ላይ «እማ» ብላችሁ ሴቭ ያደረጋችሁትን እንደምትነኩት ማለት ነው፤ የሚደወለው ግን ቁጥሩ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 2021 ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ላይ ጠፍተው ነበር። ሰርቨሮቹ አልተቃጠሉም። በጥገና ላይ በተፈጠረ ስህተት ወደ ኩባንያው የሚያደርሰውን መንገድ የሚያሳየው መረጃ ጠፋ፣ ዲኤንኤሱም አብሮ ተደበቀ። ቤቱ አለ፣ አድራሻው የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። «ኔትወርክ የለም» ከማለታችሁ በፊት የቱ እንደጠፋ ለዩ። ከላይ የሲግናል ምልክቱ ከሌለ ችግሩ በእናንተና በታወሩ መካከል ነው። ሲግናሉ ኖሮ ምንም የማይከፈት ከሆነ ፓኬጁን እዩ። ፓኬጅ ካለ ወይ ከታወሩ ወዲያ ያለው መስመር ነው፣ ወይ ዳታው ተዘግቷል። አንዱ አፕ ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ ወይ አፑ ወድቋል፣ ወይ ታግዷል። መዘጋትና መታገድ ይለያያሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲታገዱ ሌላው ኢንተርኔት ይሠራ ስለነበር ሰው በቪፒኤን ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 ጀምሮ ትግራይ ውስጥ የሆነው ግን ሙሉ በሙሉ መቋረጥ ነው። አስፋልቱ ከሌለ ቪፒኤን የሚሄድበት የለም።

ቪፒኤንን ካነሳን፦ የሚሠራው እናንተና ሰርቨሩ መካከል ሌላ ሰው ሰርቨር በማስገባት ነው። የምትሄዱበትን ኦፕሬተሩ ባያይም የቪፒኤኑ ባለቤት ያያል። ቴሌግራም ላይ «ነፃ ኢንተርኔት» እየተባለ የሚለቀቀው ፋይልም ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ የማታውቁት ሰው ሰርቨር ውስጥ ነው የምታልፉት። በእሱ ላይ ሆኖ የባንክ አፕ መክፈት ለእኔ ዕብደት ነው።

የልጁ ቀን ጉዳይ እዚህ ጋ ይመጣል። ከድረ ገጹ ስም አጠገብ ቁልፍ ምልክት አይታችሁ ይሆናል። እሱ ማለት በመሀል ያለ ሰው የጻፋችሁትን ማንበብ አይችልም፣ ድረ ገጹም ማንነቱን የሚያሳይ ሰርተፍኬት አሳይቷል ማለት ነው። ሰርተፍኬቱ እንደ መታወቂያ የወጣበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ስልካችሁ ያንን ቀን የሚያመሳክረው ከራሱ ካላንደር ጋር ነው። የልጁ ስልክ ወደ ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ስለነበር መታወቂያው «ገና ያልወጣ» ሆነበት፣ ስለዚህ አልከፍትም አለ። ማስጠንቀቂያው በእንግሊዝኛ ወጥቶለት ነበር፣ ሳያነበው ዘጋው።

ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ቀንና ሰዓቱን አውቶማቲክ አድርጉት። የእኛን ካላንደር ለማየት ለብቻው አፕ አለ። ልጁ የሚቀጥለው ዙር እስኪከፈት እየጠበቀ ነው።